የጌም ኮምፒውተር ብድር፦ ዕቃ በዕቃ ያየነው
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ፣ መካኒሳ፣ በብድር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው የብድር ጥያቄ ከእስካሁኖቹ ለየት ይላል። ስናበድር የኖርነው ለእንጀራ ምጣድ፣ ለልብስ ስፌት መኪና፣ ለዶሮ እርባታ፣ ለጉሊት መነሻ ነው። የእነዚህን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲበላሹም የት እንደሚጠገኑ እናውቃለን። አሁን ግን አንዲት አባላችን ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ለማስገጣጠም ጠይቀዋል። በቤታቸው በር ላይ ባለችው ክፍል ሁለት ፕሌይስቴሽን አላቸው፤ የሰፈሩ ወጣቶች በጨዋታ እየከፈሉ ይጫወታሉ፤ ቤተሰቡ የሚኖረውም በዚያ ነው። የዕቃውን ዝርዝር ያዘጋጀው ልጃቸው ነው። ቀን ቀን ቪዲዮ ኤዲቲንግና የስሪ ዲ ሥራ ሊሠራበት፣ ማታ ለተጫዋች ሊያከራየው አስቧል።

ከኮሚቴው ውስጥ «የዕቁብና የቁጠባ ገንዘባችንን ለጌም?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ጌም ቤት ተጎልቶ ያላየ የለም። ሆኖም ጌም ሥራ የሆነላቸው ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታ ሠርቶ አውጥቷል። ስለዚህ ጥያቄውን ከመጣል ዝርዝሩን አንድ በአንድ ማየት መረጥን።

የመጀመሪያው ዝርዝር ሲመጣ ግማሽ ያህሉ ገንዘብ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነበር። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለጌም ከሁሉ የሚከብደው ዕቃ እሱ ነው። ያሳሰበን ቀሪው ገንዘብ የሄደበት ነው። ባለመስታወት ኬዝ፣ ቀለም የሚቀያይር መብራት ያላቸው ስድስት ፋኖች፣ የጌም ወንበር። ፓወር ሰፕላዩ ግን በዝርዝሩ ከሁሉ የረከሰው ዕቃ ነበር፤ ዩፒኤስ የሚባል ደግሞ ጭራሽ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብድሩ የሚቃጠለው ወይም የሚተርፈው እዚህ ጋ ነውና። የተመረጠው ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 3060 ነው፤ 170 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ ሪዘን 5 5600 ነው፤ 65 ዋት ተብሎ የተመደበ። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኑ ሲጨመሩ ድምሩ ከ300 ዋት ብዙ አይርቅም። ለዚህ ካርድ አምራቹ የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። በዝርዝሩ ላይ የነበረው 750 ዋት ይላል፤ ግን የማን ሥራ እንደሆነ የማይታወቅ፣ የ80 ፕላስ ምልክት የሌለው፣ በእጅ ሲያነሱት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ነው። ካርቶን ላይ ቁጥር መጻፍ ዋጋ የለውም። የታወቀ አምራች 550 ዋት ከእንደዚህ ያለ 750 ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንደ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ዩፒኤሱን እኛው አስገብተናል። ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የሚሸከሙት ከዚያ 60 በመቶ ያህሉን ነው። ጨዋታ ለማስጨረስ ሳይሆን ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

የመስታወት ኬዙ በፊቱ ወንፊት ባለው ተተክቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የመካኒሳን የበጋ አቧራ ጨምሩበት። በወንፊቱ ላይ የሚነቀልና የሚታጠብ ማጣሪያ መኖሩን አይተናል፤ ከስድስቱ ፋን ሦስቱ፣ ያለ መብራት፣ ይበቃሉ።

ራሙ አንድ 16 ጊጋባይት ነበር፤ ሁለት ስምንት ስምንት ይሁን ብለናል፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ዲዲአር 4 በሚወስድ ማዘርቦርድ ላይ ዲዲአር 5 አይገባም፤ ይህን ሻጩ ሁሉ አይነግራችሁም። ሞኒተሩ፣ ማውሱና ኪቦርዱ ደህና ናቸው። ወንበሩ ወጥቷል፤ ቤት ያለው ወንበር ይበቃል። የጆሮ ማዳመጫው ግን ይቅር ያልነውን መልሰን አስገባነው፤ ጎረቤት ሌሊት ይተኛ።

«ያገለገለ ካርድ በግማሽ ዋጋ አለ» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኢተርየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ሲቀይር፣ በዓለም ዙሪያ ሌት ተቀን ሲሠሩበት የነበሩ ካርዶች በብዛት ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ወጡ። ያገለገለ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። ነገር ግን ደረሰኝም ዋስትናም በሌለው ዕቃ ላይ የእናንተን ቁጠባ አናስይዝም። አዲሱ ካርድ ይሁን፣ ደረሰኙም የዕቃውን መለያ ቁጥር ይያዝ ብለናል።

ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ፣ ከመርካቶ፣ ከመገናኛና ከቦሌ ተሰብስቧል። ሦስቱም የሚጸኑት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ማለፉን ታስታውሳላችሁ፤ የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ለሚቀጥለው ወር ብናሳድር ዛሬ የምናየው ዋጋ ላይጠብቀን ይችላል።

በውጭ አገር ላላችሁ ደጋፊዎቻችን አንድ ነገር። አሮጌ ኮምፒውተር ልትልኩልን ስትነሱ ከጀርባው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ ተመልከቱ። 115 ላይ ከሆነ የእኛው 220 ቮልት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። ወደ 230 አዙራችሁ፣ ላዩ ላይ ጽፋችሁ ላኩልን። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ።

አሁን ወደ ውሳኔው። ኮሚቴው ብድሩ እንዲፈቀድ ሐሳብ ያቀርባል፤ በሁለት ክፍያ። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ፣ ዩፒኤሱ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ኤስኤስዲው ይገዙ፤ ደረሰኛቸው ሲቀርብ ለካርዱና ለሞኒተሩ ይለቀቅ። ገንዘቡ በቀጥታ ለሻጩ ይከፈል። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በትምህርት ሰዓት እንዳይገባ አባላችን በጽሑፍ ተስማምተዋል። አንዲት የኮሚቴ አባል አሁንም አልተስማሙም፤ ምክንያታቸውን ራሳቸው እንዲነግሯችሁ መድረኩን እንለቅላቸዋለን። ከዚያ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን፤ ፕሮፎርማዎቹ ማየት ለምትፈልጉ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።