የይፋት የእግር መንገዶች



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማበርንና ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከብርዳማው ደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ በአጭር ጊዜ ይወርዳል። ከመኪናው መስኮት የማይታየው በየገደሉ ወገብ የሚጠማዘዘው የእግር መንገድ ነው።

ይህ መንገድ የትናንት አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በይፋት ሲጠነክር፣ አንዱ የኃይሉ ምንጭ ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ ነበር። የኖራ፣ የአስበሪና የማሳል የድንጋይ ፍርስራሾች የሱልጣኔቱ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በ1841 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ግመሎቹ ከገደሉ ግርጌ ቀሩ፤ ጓዙን ወደ አንኮበር ያወጣው የሰው ትከሻ ነበር። ግመል የቆላ፣ በቅሎና አህያ የዳገት ናቸውና። የአልዩ አምባ ገበያም የደመቀው ቆላና ደጋ በሚገናኙበት በዚሁ ወሰን ላይ ነው።

እንግዲህ ስለ እግር ጉዞ ቱሪዝም ስናስብ አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልገንም፤ ያለውን ማወቅ ይበቃናል። ነገር ግን እግር የተወውን መንገድ ጎርፍ ይበላዋል፤ ገበያተኛው በመኪና ሲሄድ የምንጩ፣ የጥላውና የማረፊያው ስም አብሮ ይጠፋል። ይህን ዕውቀት የያዙት የአርጎባና የአማራ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ካርታ ከመሳላችን በፊት እነርሱን እንጠይቅ፤ መሪው የአገሩ ልጅ፣ ገቢውም የአገሩ ይሁን። መስጊዱና መካነ መቃብሩ የጸሎትና የክብር ስፍራ እንጂ ትርኢት አይደሉምና፣ ሳናስፈቅድ አንግባ።