የኤሌክትሪክ ብስክሌትና የሶዶ ዳገት
በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናነሣላችሁ የፈለግነው ጉዳይ በየማለዳው ከቤት ወጥተን ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያና ሐኪም ቤት የምንደርስበት ነገር ነው። ወሬው መቼም ደርሷችኋል። አንዳንድ ወጣቶቻችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብስክሌት ወይም ስኩተር ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረዋል። ግማሹ ሰው «ይህማ መጫወቻ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ከወረፋ ገላገለን» ይላል። እኛ ሁለቱም ሳይመዝኑ ተናገሩ ባዮች ነን። ስለዚህ ነገሩን አብረን እንመዝነው።

በመጀመሪያ የነዳጁን ነገር እንይ። በ2013 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ30 ብር በታች ይቀዳ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅ ሲወደድ የባጃጁ ሒሳብ ይወደዳል፤ ነዳጅ ሲጠፋ ባጃጁ ራሱ ይጠፋል። ባለባጃጁን አንወቅስም፤ እሱም ልጆች የሚያሳድግ ጎረቤታችን ነው። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው።

እስቲ ደግሞ ቀና ብለን ሽቦውን እንመልከት። በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነው። ከዚሁ ከሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ኬንያ በ2015 ዓ.ም. በዚሁ መስመር ኃይል መግዛት ጀምራለች። እንግዲህ መብራቱ ከደጃችን ተነሥቶ ድንበር ይሻገራል፤ እኛ ግን በመርከብና በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነዳጅ እንጠብቃለን። ታዲያ ይህ ሊያሳስበን አይገባም?

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ብስክሌቱ ፔዳል አለው፤ ሞተሩ የሚረግጠውን ሰው ያግዛል እንጂ ብቻውን አይሠራም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ጉልበት ከ250 ዋት አይበልጥም፤ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማገዙን ያቆማል። ስኩተሩ ግን እጀታው ሲጠመዘዝ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ነው። ይከብዳል፣ ይፈጥናል፣ ባትሪውም ትልቅ ነው። በቻይና ከ300 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር እንዳለ ይነገራል። እዚያ የሚነዳው ሠራተኛውና ዕቃ አመላላሹ ነውና የቅንጦት ዕቃ ልንለው አንችልም። በአገራችንም ዶዳይ የተባለው ኩባንያ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ለገበያ አቅርቧል፤ ያለቀ ባትሪ በሞላ የሚለወጥበትንም አሠራር ጀምሯል።

«አዲስ አበባ ሌላ፣ ሶዶ ሌላ» የሚል አለ። እውነት ነው። ከተማችን በዳሞታ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ቁልቁል የሄደ ሁሉ ማታ ሽቅብ ይመለሳል። ስለዚህ ዳገቱን በቁጥር እንለካው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በሜዳ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ይበላል። ሰውዬው፣ ብስክሌቱና ዕቃው አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሽቅብ 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ከዚያ ላይ 40 ዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድና 150 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ሰው ከ140 እስከ 180 ዋት ሰዓት ይጨርሳል ማለት ነው። ከባትሪው ሲሦ ገደማ ነው። በከተማ ውስጥ ዳገቱ አያሸንፈንም።

ከቦዲቲ ለሚመጣ ዘመዳችን ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አንዱ መንገድ ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱን አንድ ባትሪ ላይዘልቀው ይችላል። ከሁምቦ ጠበላ የሚመጣው ደግሞ ወደ ሶዶ ሽቅብ ነው የሚነዳው። እነዚህ ሰዎች ሶዶ ከደረሱ በኋላ ባትሪያቸውን የሚሞሉበት ቦታ ካላገኙ ማታ ብስክሌቱን እየገፉ ሊሄዱ ነው።

ወጪውስ? ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። እናቶች ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ የእንጀራ ምጣድ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚበላውን ያህል ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ መሆኑን አንረሳም። ቢሆንም እያንዳንዳችሁ የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከደረሰኛችሁ አንብባችሁ በ0.6 አባዙትና ለአንድ ቀን ባጃጅ ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት።

ጥቅሙን ብቻ ተናግረን ብንወርድ ግን አታለልናችሁ ማለት ነው። ከዕቃው ዋጋ ትልቁ ድርሻ የባትሪው ነው፤ ባትሪ ደግሞ ያረጃል። በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ባትሪ ሲሆን ከባድ ነው፤ ዕድሜውም ከሊቲየሙ ያጥራል። ስለዚህ ቀለሙን ከመጠየቃችሁ በፊት ባትሪውን ጠይቁ። ሻጩን «ዳገት ላይ ይሞከርልኝ» በሉት፤ ሜዳ ላይ ተነድቶ የታየ ዕቃ ለሶዶ አልተፈተነም። ስኩተር የምትገዙ ታርጋና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ብር ሳትከፍሉ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የምንፈራው እሳትን ነው። የተበላሸ ወይም የራሱ ባልሆነ ቻርጀር የተሞላ የሊቲየም ባትሪ በድንገት ይቀጣጠላል፤ እሳቱም በባልዲ ውኃ በቀላሉ አይጠፋም። ትልቅ የእሳት አደጋ ሠራዊት ባላት በኒውዮርክ ከተማ እንኳ በፈረንጆች 2023 ዓመት በእንዲህ ዓይነቱ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል። የእኛ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው። የአንዱ ቤት እሳት የአንዱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ፣ መውጫ በር አጠገብ ወይም አልጋ ሥር ቻርጅ ማድረግ በልጆች ሕይወት መቀለድ ነው። መብራት ሲጠፋም ነቅላችሁ፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቁ።

ሌላው ድምፅ ነው። ይህ ዕቃ ሳይሰማ ይመጣል። አዛውንቶችና ሕፃናት በሞተር ድምፅ ነው መንገድ የሚለቁት። ስለዚህ ደወል ይደወል፤ ማታም መብራት ይብራ። ክረምት ላይ ቁልቁለቱ ሲያንሸራትት ደግሞ ቀስ ይባል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በእድራችን አዳራሽ ደጅ፣ ከግድግዳው ራቅ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶ የጋራ መሙያ ቦታ ይሁን። ሽቦውን ሙያ ያለው ኤሌክትሪሻን ይዘርጋው፤ የራሱ ማቋረጫና ቆጣሪ ይኑረው፤ ቀን ቀን ብቻ፣ ጥበቃው ባለበት ይሠራ። ተጠቃሚው የበላውን ያህል ይክፈል። ከቦዲቲና ከሁምቦ ለሚመጡትም ክፍት ይሁን።

ሁለተኛ፣ መግዣው በእቁብ ይሁን። ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ ማጠራቀም ማን አስተማረን? ያንኑ ልማድ ለመጓጓዣችን እናውለው። ብዙ ሆነን ስንገዛ ዋጋ ለመከራከርና ዋስትና ለመጠየቅ እንችላለን። ዕጣው ማለዳ በእግሩ ሩቅ ለሚሄድ ሠራተኛና ገበያ ለምታድር እናት ቢቀድም ደግሞ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ባለባጃጆቻችን በዚሁ ውይይት ይግቡ። በሽተኛን፣ ነፍሰ ጡርንና አዛውንትን በብስክሌት አናደርስም፤ ባጃጅ ሁልጊዜም ያስፈልገናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሦስት እግርም አለና፣ የመሙያ ቦታው ነገ የእነሱም ይሆናል።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የምትሉ አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእድር ገንዘብ ለቀብር የተዋጣ ስለሆነ አይነካም ብለን እናምናለን። ለጥላውና ለሽቦው የተለየ መዋጮ ያስፈልጋል፤ መጠኑንም የምትወስኑት እናንተው ናችሁ። ወጣቶቻችን ግን እኛ ወሰንም አልወሰንም መግዛታቸው አይቀርም። ጥያቄው ባትሪው በየአልጋው ሥር ይሞላ ወይስ ሁላችንም በምናየው ቦታ የሚለው ነው።

በሚመጣው ስብሰባ መልሳችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን። የተቃወመም ይምጣ፤ ምክንያቱን እንስማው።

የሠፈሩ ማኅበር ኮሚቴ