የተሽከርካሪ ጎማን ሚዛን የማስጠበቅ ልዩ ልዩ ዘዴዎች



ጎሚስታ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ መጥቶ ዛሬ የአማርኛ ሀብት ሆኗል። የካዛንቺስም ስም እንዲሁ ነው፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ኢንቺስ የተባለው ተቋም ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች የተወረሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ከዚህ ሰፈር ብዙ ነዋሪዎችና የንግድ ቤቶች ተነሥተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ የጎማ ሠራተኛ ክሪኩንና መዶሻውን ይዞ ይሄዳል፤ ከባዱን ማሽንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ግን በቀላሉ ይዞ አይሄድም። እንግዲህ ማሽን በሌለበት ቦታ የጎማ ሚዛን በምን ይጠበቃል? በገበያ የሚነገርላቸው አማራጮችስ የቱን ያህል ይታመናሉ? የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የችግሩን መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በ15 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ 30 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ ክብደት የሚፈጥረው ከማዕከል የሚሸሽ ኃይል 8 ኒውተን ያህል፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ክብደት ያነሰ ነው። ፍጥነቱ 100 ሲደርስ ግን ኃይሉ ወደ 49 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 5 ኪሎ ክብደት ያድጋል፤ ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። ጎማው በዚህ ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 15 ጊዜ ስለሚዞር፣ ይህ ኃይል በየሴኮንዱ 15 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል ማለት ነው።

ስለዚህ በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ መካከል በዝግታ የሚመላለስ ሾፌር ጉድለቱን ሳያውቀው ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲወጣ ግን መሪው በእጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጎማው እየተቦጨቀ ያልቃል፤ ኩሽኔታውና የመሪው መገጣጠሚያዎች ያለ ዕድሜያቸው ያረጃሉ።

የሚዛን ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክብደቱ በዙሪያው በአንድ ወገን ሲያደላ የሚፈጠረው ሲሆን፣ ጎማው ቆሞም ቢሆን ይታወቃል። ሁለተኛው ክብደቱ በውስጠኛውና በውጭኛው ጎን ተቃራኒ ቦታ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ነው፤ ይህ ጎማውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዝ ሲሆን፣ ጎማው ሳይሽከረከር ፈጽሞ አይታይም። የማናቸውም ዘዴ ዋጋ የሚለካው ከእነዚህ ሁለቱ የትኛውን ያርማል በሚለው ጥያቄ ነው።

ከቀላሎቹ ዘዴዎች አንዱ የማይነዳውን ጎማ በክሪክ አንሥቶ በራሱ ኩሽኔታ ላይ በነጻ እንዲዞር መተው ነው። ከባዱ ወገን ወደ ታች ይወርዳል፤ በአናቱ በኩል ክብደት እየተጨመረ፣ ጎማው በየትኛውም ቦታ መቆም እስኪችል ድረስ ይደጋገማል። ሁለተኛው ጎማውን በሾጣጣ እንዝርት ላይ አጋድሞ በውኃ ልክ አረፋ የሚለካበት መሣሪያ ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ኤሌክትሪክም አይፈልጉም። ነገር ግን የሚያርሙት የመጀመሪያውን ዓይነት ጉድለት ብቻ ነው። በክሪኩ ዘዴም የፍሬኑ መታከክና የግራሶው ጥንካሬ ትንንሽ ጉድለቶችን ይሸፍናሉ። ሰፊ ጎማ ላለው ፈጣን መኪና እንግዲህ በቂ አይደሉም።

ሦስተኛው ዘዴ ጥቃቅን የመስታወት ወይም የሸክላ ዶቃዎችን በጎማው ውስጥ መጨመር ነው፤ በተለይ ለጭነት መኪና ይመከራል። ዶቃዎቹ በሽክርክሪቱ ኃይል ራሳቸውን ወደ ቀላሉ ወገን ያደርሳሉ ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ሁኔታው ግን ተዘንግቷል። በመካኒክስ ሕግ መሠረት ልቅ የሆነ ክብደት ወደ ቀላሉ ወገን የሚሄደው ሽክርክሪቱ ከአክሱሉ የራሱ የተፈጥሮ ንዝረት ሲፈጥን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ከባዱ ወገን ያመራል፤ ጉድለቱንም ያብሳል። የትልቅ ጭነት መኪና ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 7 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የአክሱሉ የመዝለል ንዝረት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የሾፌር ምስክርነት ብቻ በቂ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ከመጨመሩ በፊትና በኋላ ንዝረቱ መለካት አለበት። ከዚህም ሌላ ዶቃዎቹ በእርጥበት ይጋገራሉ፤ ቫልቭም ይደፍናሉ።

አራተኛውና ዋጋ የማያስከፍለው ዘዴ በአገጣጠም ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በብዙ አዳዲስ ጎማዎች ላይ ቢጫ ነጥብ የጎማውን ቀላል ወገን ያመለክታል፤ እርሱን ከቫልቩ ትይዩ ማድረግ የሚያስፈልገውን እርሳስ ይቀንሳል። ከሁሉ በፊት ደግሞ በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ መጠረግ አለበት። በክረምት ማግስት ከሚመጡት «የባላንስ» አቤቱታዎች ውስጥ መድኃኒታቸው እርሳስ ሳይሆን ውኃና ብሩሽ የሆነ አይጠፋም። የተጣመመ ቸርኬ፣ የላላ ዳዶና ያረጀ ኩሽኔታም በክብደት አይታረሙም።

ስለ እርሳሱም አንድ ቃል መነገር አለበት። እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ለሚዛን እንዳይውል ከልክሏል። ብረትና ዚንክ ሊተኩት ይችላሉ፤ ክብደታቸው ከእርሳስ ስለሚያንስ መጠናቸው ብቻ ከፍ ይላል። የወደቀውን እርሳስ የሚለቅመው ብዙውን ጊዜ በጎሚስታ ቤት የሚያድገው ልጅ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ ሁለቱንም ጉድለቶች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካው ጎማውን አሽከርክሮ በሁለት ጎን የሚመዝነው ማሽን ነው የሚል ነው። ይህም በእጅ እየተሽከረከረ የሚሠራ ዓይነት አለው፤ ስለዚህ በየአዲሱ ሰፈር የተበተኑ ጎሚስታዎች በኅብረት ሊገዙት ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ ቸርኬውን ማጽዳት፣ ነጥቡን ማገናኘት፣ በክሪክ መመዘንና የዘዴውን ወሰን ለባለ መኪናው በግልጽ መንገር ሐቀኛ ሥራ ነው። የማኅበሩም ድርሻ ይህንኑ በአንድ ገጽ፣ በሚነበብ አማርኛ፣ በሥዕል አስደግፎ ለእነዚህ ሠራተኞች ማድረስ ነው። ሰፈር ይፈርሳል፣ ቤትም ይነሣል፤ ሙያ ግን ከባለሙያው ጋር አብሮ እንዲሄድ ዕውቀቱ በእጁ መግባት አለበት።