ድምፁን የሚያውስ ሰው
(በክረምቱ ዕረፍት ሉማሜ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርለት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ይኸውም ድምፁን ለሌላ ሰው ፊት የሚያውስ ተዋናይ ሙያ ነው። እኛ ግን ቁም ነገር አለበት ብለን ስለምናምን ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን እንለምናለን።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር የቱርክንና የሌሎችንም አገሮች ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ አቀረበልን። «ጥቁር ፍቅር» ይታይ የነበረበትን ማታ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያን ጊዜ የአገራችን የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ተቃውሞ ማሰማታቸው የታወቀ ነው፤ ባህላችንን ይጎዳል፣ የእኛንም ሥራ ገበያ ያሳጣል አሉ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ማይክሮፎን ፊት ቆሞ በሌላ ሰው እንባ ስለሚያለቅሰው ኢትዮጵያዊ ብዙ አልተነገረም።

ሥራው ቀላል አይደለም። ባለድምፁ የባዕዱን ተዋናይ ከንፈር እየተመለከተ፣ አፉ ሲከፈት ጀምሮ ሲዘጋ መጨረስ አለበት። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያኖር ቁጣው በየቦታው ይወድቃል፤ ከእንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ግሡ ቀድሞ ስለሚመጣ ቃሉና ፊቱ ይተላለፋሉ። ደግሞም በቱርክኛ «እሱ»ና «እሷ» አንድ ቃል ናቸው፤ «አንተ»ና «አንቺ»ም እንዲሁ። ምራት ለአማቷ በቁጣ ስትመልስ «አንቺ» ትበል ወይስ «እርስዎ»? ይህን የሚቈርጡት ተርጓሚውና ባለድምፁ ናቸው። አንዲት የሉማሜ እናት «ምን ያለች ስድ ናት!» ብለው ቴሌቪዥኑን ቢያዘጉ፣ ጥፋቱ የቱርኳ ሴት አይደለም።

እኛ ጎጃሞች ለዚህ ሙያ እንግዶች አይደለንም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነብ፣ ፊታውራሪ መሸሻንም ሰብለ ወንጌልንም ጉዱ ካሳንም ብቻውን ሆነ። መጽሐፉን ከፍተው የማያውቁ ሰዎች በእሱ ድምፅ አወቁት። ወጋየሁ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን ዛሬም ከመጽሐፉ ጋር ይነሣል፤ ሰሚው ማን እንደሚያነብለት ያውቅ ነበርና።

በአሜሪካም የቴክሳሱ ክሪስቶፈር ሳባት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 «ድራጎን ቦል ዚ» ለተባለው የጃፓን ካርቱን ፊልም በእንግሊዝኛ ድምፁን መስጠት ጀመረ፤ ቬጂታና ፒኮሎ የተባሉት ሁለቱም በእሱ አንደበት ይናገራሉ። ኋላም የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ። በፊልሙ ውስጥ ፊቱ አይታይም፤ ሆኖም ወዳጆቹ ስሙን ያውቃሉ፣ ሊያዩትም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በእኛ ዘንድ ግን ስንት ማታ ያስለቀሰንን ድምፅ ባለቤት ስም ብንጠየቅ፣ ከዚህ አዳራሽ የሚመልስ ስንት ነው?

ሌላም የሚያስቆጨን ነገር አለ። በአገራችን ድራማ የጎጃም አነጋገር የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ለማሳቅ ነው፤ ዘበኛው ወይም ከገጠር የመጣው የዋህ ሲናገር። ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ አፍቃሪው የሚናገሩት የአዲስ አበባን አማርኛ ነው። በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲዘረፍበት የኖረ አንደበት ለፍቅርና ለፍርድ እንዴት ያንሳል? እኛ ይህን አንቀበልም።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ከመጽሐፉ ጥቂት ምዕራፎችን በየገጸ ባሕርዩ ተከፋፍለን፣ በአገራችን አነጋገር ልናነብና በስልክ ልንቀርጽ አስበናል። የእያንዳንዱ አንባቢ ስም በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ይነገራል። ለፊታውራሪ መሸሻ ሦስት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ለሰብለ ወንጌል ግን የመጣች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ እሷንም እናቷ ገና አልፈቀዱላትም። እናትየዋ እዚህ ካሉ፣ ከስብሰባው በኋላ ጥቂት እንዲቆዩልን በአክብሮት እንለምናለን።