በመስከረም ተፋሰሱን ስንዞር፦ ስለ ዱር አበባና ስለ ቢራቢሮ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች በመስክ ጉብኝት ላይ የተሰጠ ገለጻ)

ዛሬ የምንዞረው ማሳ አይደለም፤ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ያደረጋችሁት ተራራ ነው። አንድ አባት መንገድ ላይ «አበባ ልታስቆጥረን ነው?» ብለውኛል። በከፊል እሱ ነው።

ከሩቅ ሲታይ ቢጫው ሁሉ አደይ ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ግን ገሚሱ መጭ ነው። ከሥር የተነጠፈው ማገጥ ነው፤ ከብትም ንብም ይወዱታል። የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚሠራው ከእነዚህና ከኑጋችሁ ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ይፈልጋል። ኑጉ እስኪያብብ ንቧን የሚያቆያት ደግሞ ይህ ተራራ ነው።

አሁን ቢራቢሮዎቹን እዩ። ብናኝ በማጓጓዝ ከንብ ጋር አይወዳደሩም፤ ይህን አጋንኜ አልነግራችሁም። ግን ብዙዎቻችሁ ቢራቢሮ ስታዩ ተምች ትዝ ይላችኋል። ተምችን፣ የአገዳ ቆርቁርንና የሽምብራውን ጓይ ትል የሚጥሉት በራሪዎች በሌሊት የሚበሩ ናቸው። ቀን አበባ ላይ የምታዩአቸው ሌሎች ናቸው። ይቺ ብርቱካንማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር የሆነው፣ ልጆቿን የምታሳድገው እንደ ጦቢያ ባሉ ወተት በሚያወጡ ዕፀዋት ላይ ነው። ሰብል አትነካም።

ትልቋ ጥቁርና ቢጫ ግን የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ላይ እንቁላል ትጥላለች። ትሉ ሲፈለፈል የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ስትነኩት ከራሱ ላይ ቀይ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። ችግኝ ላይ ከሆነ በእጅ ልቀሙት። ያደገ ዛፍ ላይ ከሆነ ተዉት፤ ዛፉ ይችለዋል።

ይህን የምለው ስለተሳሳትሁ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ወረዳ አንድ አርሶ አደር የሎሚ ችግኝ ላይ ይህንኑ ትል አሳዩኝ፤ «ይረጭ» አልሁ። ረፋድ ላይ ተረጨ። ከችግኙ ሥር ያሉ አበቦች ላይ ንብ ነበር። በማግሥቱ የቀፎው አፍ በሞተ ንብ ተሞልቶ አየሁት። እሳቸው ምንም አላሉኝም፤ ያ ነው የከበደኝ። ስለዚህ መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎ ከገባች በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን። ያበበ ነገር ላይ አትርጩ። ለጤፍ አረም የምትረጩት ቱፎርዲም ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ስለሚገድል ነፋስ ባለበት ሰዓት አትርጩት። ማሳ ውስጥ ያለው መጭ አረም ነው፤ ድንበር ላይ ያለው ግን የንብ ቀለብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ የሣሩ አጨዳ። ሣር ገሚሱ ሲያብብ ካልታጨደ እየጠነከረ ገለባ ይሆናል፤ ቶሎ ይታጨድ የምትሉት እውነት ነው። አደይ ግን በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው፤ ዘሩን ሳይጥል ከታጨደ ለከርሞ ይመናመናል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ከታጨደ ንቡም ይራባል። የእኔ ሐሳብ ከእርከኑ በታች ያለው አሁን ይታጨድ፣ ከላይ ያለው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቆይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይገላበጥ ነው። የላይኛው ድርሻ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሣራቸው ስለሚጠነክር ከታችኛው ድርሻ ምን ያህል ሸክም እንደሚካካስላቸው ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር አብራችሁ ወስኑ። እስኪ እዚህ ጥላው ሥር እንቀመጥና ከላይኞቹ እንጀምር።