ራጅ የማያሳየው ሕመም ምስክር ይፈልጋል
(በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ወገኖችን የአካል ጉዳት ካሳ ጥያቄ ለሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

ቅዳሜ ለብዙዎቻችሁ የሥራ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ፈረቃ ቀይራችሁ፣ ልጆች የሚጠብቅላችሁ ሰው ፈልጋችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በየከተማው በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ወገኖች አሉን። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው መጥተው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የገቡ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ አማርኛ ጦሩ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ በነበረበት ጊዜ፣ ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም የተመለመሉ ናቸው። ኢራቅ፣ ኩዌት፣ አፍጋኒስታን፣ ጅቡቲ ደርሰው ተመልሰዋል። እጅና እግራቸው ሙሉ ስለሆነ ላያቸው ሁሉ ጤነኛ ይመስላሉ። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ስምንት ሰዓት ተኝተው ደክሟቸው የሚነሱ፣ ከትከሻ እስከ ተረከዝ የሚቆረጥማቸው፣ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅታቸው አሉ። ራጅ ሲነሱ ምንም የለም ይባላሉ። የደም ምርመራውም ንጹሕ ነው። የካሳ ጥያቄያቸውን ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችን ቪኤ ለምንለው፣ ሲያቀርቡ ብዙ ጊዜ የሚመለስላቸው የእምቢታ ደብዳቤ ነው።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1990 እና 1991 ወደ 700,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ለባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዘመቱ። ከተመለሱ በኋላ ብዙዎቹ ሕመም፣ ድካም፣ የሆድ ችግርና የማስታወስ ችግር እንዳለባቸው ተናገሩ፤ ለዓመታትም ጭንቀት ነው ሲባሉ ኖሩ። ኮንግረስ በ1994 ስም ላልተገኘለት ሕመም ካሳ እንዲከፈል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በ2001 ደግሞ መላ ሰውነትን የሚያመውን ፋይብሮማያልጂያን፣ ሥር የሰደደ ድካም የሆነውን ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረምንና የአንጀት ሕመም የሆነውን ኢሪተብል ባወል ሲንድረምን በስም ጨመረ። በኮንግረስ ትእዛዝ የተቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ በ2008 ባወጣው ሪፖርት ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን፣ ከዘማቾቹም ቢያንስ አንድ አራተኛውን ማጥቃቱን አስታወቀ። አስቡት፤ ዘማቾቹ ከተመለሱ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር።

ሕጉ ለተጎጂው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ምንድን ነው? ሕመሙን ምን እንዳመጣው የማስረዳት ግዴታ ያነሳለታል። ሕጉ በሚጠቅሳቸው ቦታዎች ማገልገሉና ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየበት መሆኑ ከታወቀ፣ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ተደርጎ ይወሰዳል። ቦታዎቹ ኢራቅ፣ ኩዌትና ሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ አይደሉም፤ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በመርከብ ላይ ያገለገለም ይካተታል። በነሐሴ 2022 የተፈረመው፣ ፓክት አክት የሚባለው ሕግ አፍጋኒስታንን፣ እስራኤልን፣ ግብጽን፣ ቱርክን፣ ሶርያንና ዮርዳኖስን ጨምሯል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። ጅቡቲም በፓክት አክት ውስጥ አለች፤ ያለችው ግን በቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ ለሚመጡ ካንሰሮችና የመተንፈሻ ሕመሞች እንጂ ለፋይብሮማያልጂያና ለክሮኒክ ፋቲግ አይደለም። ጅቡቲ ብቻ ያገለገለ ሰው በእነዚህ ሕመሞች የሚጠይቅ ከሆነ ግንኙነቱን በሐኪም ማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። በሩ አልተዘጋበትም፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

ሕጉ ይህን ያህል ደግ ከሆነ እምቢታው ከየት መጣ? የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ያወጣው ሪፖርት በ2015 የበጀት ዓመት ከባሕረ ሰላጤው ሕመም ጋር የተያያዙ ጥያቄዎች የተፈቀዱት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ሌሎቹ ጥያቄዎች 57 በመቶ ተፈቅደዋል። ምክንያቱንም ጽፎታል፦ ስለዚህ ሕመም የተዘጋጀውን ስልጠና የወሰዱት መርማሪ ሐኪሞች አሥር በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የእምቢታ ደብዳቤዎቹም ለተጎጂው ምክንያቱን በቅጡ አያስረዱም ነበር። ስለዚህ እምቢታ የደረሰው ሰው ውሸታም ተብያለሁ ብሎ አንገቱን እንዳይደፋ ንገሩት። ከውሳኔው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለው፤ አዲስ ማስረጃ ጨምሮ ማቅረብ፣ በበላይ መርማሪ እንዲታይለት መጠየቅ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ ይችላል።

በ2018 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሳንደርስ በተባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ለእኛ ሥራ መሠረት ነው። ቪኤ ቀደም ሲል «ሕመም ብቻውን፣ የበሽታ ስም ከሌለው፣ የአካል ጉዳት አይደለም» ይል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረው፤ ሕመሙ ሰውየውን ሥራ ከለከለው ወይ፣ አካሉ የሚሠራውን አጎደለበት ወይ የሚለው ነው የሚታየው አለ። እንግዲህ ልፋታችን ሁሉ ይህን መጉደል በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። «በጣም ያመዋል» የሚለው አይበቃም፤ ከሕመሙ የተነሳ ምን መሥራት አቆመ?

በዚህ ረገድ አስተዳደጋችን ይጎዳናል። ቪኤ ለምርመራ ሲጠራቸው ወገኖቻችን ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ይሄዳሉ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲላቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ጨዋነት ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን «ታካሚው ደህና መሆኑን ገልጿል» የሚል ነው። ምስጋናውን አይተው፤ ግን ይቀጥልበት። ዛሬ ደህናው ቀን ከሆነ ክፉው ቀን ምን እንደሚመስል፣ በወር ስንቴ እንደሚመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይናገር። ለፋይብሮማያልጂያ የሚሰጠው ትልቁ የጉዳት ደረጃ 40 በመቶ ሲሆን፣ 20 በመቶ ለማግኘት ሕመሙ ከጊዜው ከሲሶ በላይ የሚገኝ መሆን አለበት። ሲሶውን በቃል ማስረዳት አይቻልም፤ ቀን እየጠቀሰ የጻፈ ደብተር ያስረዳል። ክሮኒክ ፋቲግ ላይ ደግሞ አልጋ ላይ የዋለበት ቀን የሚቆጠርለት ዕረፍቱንና ሕክምናውን ያዘዘው ሐኪም ሲሆን ነው። ቤቱ ተሸፋፍኖ፣ ዝንጅብል ጠጥቶ፣ ጸበል ተጠምቆ ያሳለፈው ሳምንት በመዝገብ ላይ የለም። ጸበሉን አይተው፤ ሐኪሙም ጋ ይደውል።

አሁን ወደ ዛሬው ዋና ሥራችን፣ ወደ ምስክርነቱ ልምጣ። ራጅ የማያሳየውን የሚያይ ሰው በቤት ውስጥ አለ። ሚስት፣ ባል፣ እናት፣ አብሮ የሚያድር ወንድም፣ በአንድ ፈረቃ አብሮት የሚሠራ ባልደረባ በፎርም 21-10210 ያየውን መጻፍ ይችላል፤ ቪኤም ይህን እንደ ማስረጃ የመመዘን ግዴታ አለበት። ለስልጠናው ካዘጋጀናቸው ምሳሌዎች ሁለቱን ላንብብላችሁ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ በጣም ይሰቃያል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ እባካችሁ እርዱት።» እውነት ነው፤ ያሳዝናል፤ ውሳኔ ሰጪው ግን ምን ይዞ ይፍረድ?

ሁለተኛው፦ «ከ2019 ወዲህ ጠዋት ካልሲውን የማደርግለት እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ለራት ብቀሰቅሰውም አይነሳም። ድሮ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ነበር፤ አሁን ወንጌል ሲነበብ ለመነሳት የፊቱን ወንበር ይይዛል። ቅዳሜ የጓደኛውን ዕቃ ሲያጓጉዝ ከዋለ እሑድና ሰኞ ከአልጋ አይወርድም፤ ሰኞም ከሥራ ይቀራል።»

ይህች ሴት የበሽታ ስም አልጠራችም። ያየችውን ብቻ ተናገረች፤ ዓመት፣ ቦታ፣ የቀረበት የሥራ ቀን። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ከልፋት በኋላ በማግሥቱ የሚብሰው ድካም ሐኪሞች ክሮኒክ ፋቲግን ከተራ ድካም የሚለዩበት ዋና ምልክት ነው፤ እሷ ይህን ሳታውቅ ጻፈችው። ሰኞ መቅረቱንም የአሠሪው መዝገብ ያረጋግጥላታል። አንድም ቃል ማጋነን አላስፈለጋትም፤ ማጋነን ደግሞ ጉዳዩን ያበላሻል፣ ሐሰት ከሆነም ያስጠይቃል።

ስለ እህቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ፋይብሮማያልጂያ በብዛት የሚታየው በሴቶች ላይ ነው። ያገለገለች እህት ግን እያመማትም እንጀራ ትጋግራለች፣ ቡና ታፈላለች፤ ቤተሰቡም «ትሠራለች እኮ» ይላል። እሷን ስታነጋግሩ ሥራውን ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ምን እንደምትሆን ጠይቋት።

ሁለት ነገር ባጭሩ። ማስረጃው እስኪሰበሰብ አትጠብቁ፤ የማመልከት ሐሳብ ማሳወቂያውን፣ ፎርም 21-0966ን፣ ዛሬውኑ አስገቡ፤ ሙሉው ማመልከቻ በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባ ክፍያው ከዚያ ቀን ሊታሰብ ይችላል። ሌላው፣ ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ማንም ገንዘብ እንዲቀበል የፌዴራል ሕጉ አይፈቅድም። ከምታገኘው ይህን ያህል በመቶ እወስዳለሁ የሚል ሰው ከመጣባችሁ አትፈርሙ፤ እውቅና ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነጻ ያግዛሉ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የጽሑፍ ልምምድ ነው። ጥንድ ጥንድ ሁናችሁ ተቀመጡ፤ አንዳችሁ ጠያቂ፣ አንዳችሁ የቤተሰብ ምስክር ትሆናላችሁ። ንግግሩ በአማርኛ ይሁን፤ ሰው ሕመምን የሚያውቀው ባደገበት ቋንቋ ነው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰዋለን። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፦ ባለፈው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ምን መሥራት አቃተው? ስልጠናው ተከፍቷል፤ እስክሪብቶና ወረቀት በየጠረጴዛው ላይ አለ።