ሿሚውም ሻሪውም ሕዝብ ይሁን
የፓርቲው ጸሐፊ በወግዲ ለከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር



ቤቱን እንዲያከራይለት ወይም ጉዳዩን እንዲያስፈጽምለት ለዘመዱ ውክልና የሰጠ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ተወካዩ አደራውን ሲያጓድል ወካዩ ይሽረዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካይ ውክልናውን በፈቀደው ጊዜ እንዲሽር፣ የሰጠውንም ሰነድ እንዲያስመልስ መብት ይሰጠዋል። እኛ የምንጠይቀው ለአንድ ቤት የተፈቀደው ለወረዳም እንዲሠራ ነው።

መብቱ አዲስ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ተመራጭ ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም በተወካዩ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ዝርዝሩን ግን ለሌላ ሕግ ትቶታል። መብቱ የሚጸናውም የሚከሽፈውም በዚህ ዝርዝር ነው። ስንት መራጭ ይፈርም? ፊርማውን ማን ይቀበል? በስንት ቀን ይወሰን? መራጩ ይህን በቀበሌው ጠይቆ መልስ ካጣ አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ማን እንደሚነሣም እንለይ። ድምፅ የምትሰጡት ለምክር ቤት አባል ነው። የወረዳውን አስተዳዳሪ ከአባላቱ መካከል የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደግሞ ተሿሚ እንጂ ተመራጭ አይደለም። ስለዚህ መራጩ በቀጥታ የሚያነሣው የምክር ቤት አባሉን ነው። አስተዳዳሪው እንዲነሣ ሲፈልግ ምክር ቤቱን ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱ አልሰማ ካለ አባላቱን ራሳቸውን ይጠይቃል።

«ሹማምንት ሲነሡ አይተናል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያነሣቸው ግን የፓርቲ ግምገማ ነው። ሰውየው ከአንዱ ወረዳ ተነሥቶ በሌላው ይመደባል፤ የመረጠው ሕዝብ ምክንያቱን እንኳ አይሰማም። ፓርቲ የራሱን አባል ሊገመግም ይችላል፤ በሕዝብ ቦታ ሆኖ መሻር ግን አይገባውም።

ወገኖቻችን፤ የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2000 ሲካሄድ 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ቀርቦ ገዢው ግንባር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰደ። ቀጣዩ በሚያዝያ 2005 ተካሄደ። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲያልቅ ምርጫው ተራዘመ። በሰኔ 2013ም በክልላችን ድምፅ የተሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነበር፤ የወረዳና የቀበሌ አልተካተተም። ዘመኑ ያለፈበት ውክልና በምርጫ መታደስ አለበት። ምርጫ በጊዜው ካልተካሄደ የማንሣት መብት ብቻውን አያድነንም።

በሌላው ዓለም ይህ ተሠርቶበታል። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በመስከረም 1996 አገረ ገዢውን ግሬይ ዴቪስን ዘመናቸው ሳያልቅ በድምፁ አነሣቸው። ይህን ያስቻለው ሕጉ ቁጥሩንና ቀኑን ቆርጦ ማስቀመጡ ነው፤ ባለፈው ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 12 በመቶ የሚሆን ፊርማ በ160 ቀን ውስጥ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2002 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 104 መብቱን አስፍራለች።

ስለዚህ ብትመርጡን በክልሉም በፌዴራሉም ምክር ቤት ለሚከተሉት እንቆማለን፦

1. የፊርማው ብዛት፣ የሚቀርብበት ቦታና የሚወሰንበት ቀን በሕግ ተለይቶ በየቀበሌው እንዲለጠፍ፤
2. ፊርማውን የሚመረምረው ቅሬታ የቀረበበት አስተዳደር ሳይሆን ምርጫ ቦርድ እንዲሆን፤
3. ጥያቄው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲይዝ፣ ተመራጩም በሕዝብ ፊት መልስ እንዲሰጥ፤ መብቱ የቂም መወጫ መሆን የለበትምና፤
4. የፈረመ ሰው በንግድ ፈቃድ፣ በመታወቂያ ወይም በቦታ ጉዳይ እንዳይጉላላ በሕግ እንዲጠበቅ፤
5. የተነሣው አባል ቦታ ሳይውል ሳያድር በማሟያ ምርጫ እንዲሞላ።

ከራሳችን እንጀምራለን። ሕጉ እስኪወጣ ሳንጠብቅ፣ የእኛ ዕጩ መራጩ እምነት ሲያጣበት መቀመጫውን እንደሚለቅ በጽሑፍ ፈርሞ ይቀርብላችኋል። ያልፈረመውን አናቀርብም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ሿሚው ሩቅ ሆኖ ሕዝቡ ዳር ቆሞ ሲያይ ነው። ሿሚውም ሻሪውም ሕዝብ ሲሆን የሚቆጨው የበላው ይሆናል። በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ከምርጫው በኋላም ዓይናችሁን ከመረጣችሁት ሰው ላይ አታንሡ።